የትርሲት ቀማሽ

በዚያ ዘመን የአእምሮ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ከመደርደሪያ ተነስቶ ለመጣ ሁሉ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለብቻው ጥናት ይከፈትለታል፤ ጥናቱ ለእሱ ብቻ የሚሆን መድኃኒት ያወጣል፤ መድኃኒቱን ደግሞ ከሕመምተኛው በፊት የሥጋ ዘመዱ ወስዶ ያየዋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ቀማሽ ይባላል። እናት ብትሆን ይመረጣል። እናት ከሌለች እህት፣ እህት ከሌለች አክስት እየተባለ ይወርዳል፤ ማንም የሌለው ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋው ደርሶት የዳነ ሰው ግን እስካሁን አልታየም። ደብረ ብርሃን ላይ ሰዎች ሲተዋወቁ «ምን ትሠራለህ?» ማለት ትተው «ለማን ትቀምሳለህ?» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ከተማው ለቀማሾቹ እንደ አቅሙ ቦታ አበጅቶላቸዋል። ለቅሶ ቤት ለብቻቸው ድንኳን ይተከልላቸዋል። የሚቀምሱት ነገር ሬሳ ፊት ሊያስቃቸው ስለሚችል፣ ሐዘንተኛው እንዳይቀየም ብሎ ዕድሩ ያወጣው ደንብ ነው። ልጆች በዚያ ድንኳን አጠገብ ሲያልፉ ማን እንደሚስቅ ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ እንዳላየ ሆነው ያያሉ።

አመለወርቅ የመቅመሱ ሕግ ሲወጣ ብዙም አልደነቃት። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ሠርግ ጠጅ ስታሳልፍ የኖረች ሴት ናት፤ ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው ደግሞ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። «ያው እንደ ጠጁ ነው፤» አለቻት ጎረቤቷን ዝማምን፣ «እኔ እቀምሳለሁ፣ ትርሲቴ ትጠጣለች።»

«ጠጁስ ቢሆን ቀማሹን ያሰክር የለ?» አለች ዝማም።

ትርሲት የአመለወርቅ ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ኪሩቤል በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ ሹፌር በሌለው የጭነት መኪና ተገጭቶ ከሞተ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳችም። ያን ቀን «ና፣ ናፍቀኸኛል» ብላ ከደሴ የጠራችው እሷ ነበረች። እሱም የእህቱን ቃል ሰምቶ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ትርሲት «እኔ ነኝ የገደልኩት» ከማለት በቀር ሌላ ነገር መናገር ተወች። የምትበላውም በግድ ነው። ሁለት ጊዜ እናቷ ከሞት አፍ ነጥቃታለች፤ ከሁለተኛው ወዲህ አመለወርቅ ፍራሿን የልጇ በር ላይ አንጥፋ እንደ ዘበኛ ነው የምትተኛው። አንድ ልጅ መቅበር ይበቃታል። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር ቢኖር ትርሲት እንድትኖርላት ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቅርባት።

ጥናቱ የሚካሄደው የግል ፈውስ ማዕከል በሚሉት ቤት ነው። እዚያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ከወንበሮቹ ትይዩ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «‹እግዚአብሔር ይመስገን› መልስ አይደለም።» ማስታወቂያው ያለ ነገር አልተሰቀለም። ጥናት በተጀመረበት ሰሞን ከዚህ አገር የሚወጣው ውጤት የዓለሙን ተመራማሪ ሁሉ አፍ አስይዞ ነበር። የተሰጠው ክኒን ሁሉ ይሠራል። ዱቄት ቢሰጥም ይሠራል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንዴት ነህ ሲባል ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ ልጁን ትናንት የቀበረውም እንደዚያው። በምድር ላይ ከእኛ የተደሰተ ሕዝብ የለም ተባለ። መድኃኒቶቹ በዚህ ምስጋና ጸደቁ፤ ከጸደቁም በኋላ ብዙ ሰው ቀበሩ። ጥናቱ ከዚህ ተምሮ አንድ ደንብ አወጣ፦ ቀማሽ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ለወጉ ነው፤ ሁለተኛው ለይሉኝታው። የሚመዘገበው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እሱ እውነት ነው ተብሎ ይታመናል።

አመለወርቅ መጀመሪያ ላይ እውነቷን ነበር የምትናገረው። አንዱ መድኃኒት አስመለሳት፤ ተናገረች፤ ተጣለ። ሌላው ጣራ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን አሳያት፤ እሱንም ተናገረች፤ ተጣለ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው እጇን እያንቀጠቀጠ የሰው ብርሌ አስሰብሯት ከሠርግ ቤት ሥራዋ አስወጣት። «ጎበዝ ቀማሽ ነዎት፣ እማማ፤» ይላታል ጥናቱን የያዘው ዶክተር ናሁሰናይ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲጨብጣት ከወገቡ ጎንበስ ይላል። መድኃኒት በተጣለ ቁጥር ግን ትርሲት ቀጣዩን መድኃኒት ወደ መጠበቅ ትመለሳለች፤ በተመለሰች ቁጥርም ትከሳለች።

አንድ ቀን ዶክተሩ አስቀመጣትና «እማማ፣ ጥናቱ ለትርሲት ሊያወጣ የሚችለው ከእንግዲህ አንድ ብቻ ነው፤» አላት።

«እሱስ ካልሆነ?»

«ካልሆነ ጥናቱ ይዘጋል።»

«እሷስ?»

ዶክተር ናሁሰናይ ስለ ጥናቱ እንጂ ስለ ልጅቷ የሚጠየቅ አልመሰለውም ነበርና ትንሽ አሰበ። «ማንም እንደሌለው ሰው ወረፋ ትገባለች፤» አለ።

አመለወርቅ ያን ቀን ክኒኑን በመሀረቧ ቋጥራ ወደ ዝማም ቤት ሄደች። ገና አልዋጠችውም። «ዝማም፣ አደራ የምልሽ ነገር አለ፤» አለቻት። «ይሄ መድኃኒት ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ምንም ያድርገኝ ምን፣ እስካልገደለኝ ድረስ ደህና ነኝ ነው የምለው። ሐሳቤን ካስቀየረኝ ግን አስታውሺኝ። አመለወርቅ አደራ ብላሻለች በይኝ።»

«ለገዛ ራስሽ ነው እንዴ አደራ የምትልኪው?»

«አዎ፣ ለራሴ። ያኔ እኔው ራሴ እንደምሆን በምን አውቃለሁ?»

ዝማም አማተበች። ቢሆንም እሺ አለች፤ አደራ እምቢ አይባልም።

መድኃኒቱ ደግ ነበር። አላስመለሳትም፣ አላንቀጠቀጣትም። መጀመሪያ እንቅልፍ ሰጣት፤ ኪሩቤል ከሞተ ወዲህ በዓይኗ ዞሮ የማያውቅ እንቅልፍ። ጠዋት ጠዋት ማዕከሉ ክንዷ ላይ ያሰረላት የሚናገር አምባር «እንዴት አደሩ?» ሲላት «ደህና» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቷ መጣ። አንድ የሰፈር ሰው ሞቶ በቀማሾች ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ንፍሮዋን ጥርግ አድርጋ በላች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ እየሳቀ ትከሻው ሲርገፈገፍ እሷ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ንፍሮው ጨው እንደጎደለው ብቻ ነው ያስተዋለችው።

የኪሩቤል ሙት ዓመት የደረሰ ዕለት ዘመድ አዝማድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ «ውይ፣ ዛሬ ነው እንዴ?» አለች። ሰዎቹ ተያዩ። ቀማሽ መሆኗ ትዝ ሲላቸው ግን ምንም ሳይሉ ተቀመጡ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ለትርሲት ሾርባ በማንኪያ እየሰጠቻት ሳለ ልጅቷ አፏን ገጠመች። ድሮ ቢሆን አመለወርቅ ትለምናለች፣ ታለቅሳለች፣ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች። አሁን ማንኪያውን እንደያዘች ልጅቷን ተመለከተቻት። አጥንቱ የወጣ ፊት ነው። ልጇ መሆኗን ታውቃለች፤ የከተማው ከንቲባ ማን እንደሆነ የምታውቀውን ያህል ታውቃለች። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። እንዲህ ከቀጠለች መሞቷ ነው ብላ አሰበች፤ ሐሳቡ መጣና ምንም ሳይነካት ሄደ። ሾርባው ሲቀዘቅዝ አይጣፍጥምና ራሷ ጠጣችው። በዚያው ሰሞን ፍራሿንም ከበሩ ላይ አንስታ ወደ ክፍሏ መለሰች። በር ላይ ብርድ አለ።

ምን እንደጠፋባት ግን አልጠፋትም። መድኃኒቱ ልቧን እንጂ አእምሮዋን አልነካም። ወደ ማዕከሉ በምትሄድበት ጠዋት ለዶክተሩ ያየችውን ሁሉ ልትነግረው ነበር ያሰበችው፤ የምትዋሽበት ምክንያት አልታይ አላት። ዝማም ግን መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

«አመለወርቅ አደራ ብላሻለች፤» አለቻት።

«የቷ አመለወርቅ?»

«የኪሩቤልና የትርሲት እናት ናታ!» ዝማም እንባዋ መጣ።

አመለወርቅ ቆም ብላ አሰበች። ያቺ ሴትዮ ዛሬ ለእሷ ባዳ ናት። ቢሆንም አደራ የባዳም ቢሆን አደራ ነው፤ አደራ በላ ተብላ መኖር አልፈለገችም። «እሺ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ዶክተር ናሁሰናይ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት። «እንዴት ነዎት፣ እማማ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እውነት ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

ወንበሩን አስጠግቶ ዓይን ዓይኗን እያየ ሦስተኛውን ጠየቀ። «ከድሮው የተለወጠ፣ የጠፋብዎት ነገር የለም?»

«ምንም የጠፋብኝ የለም።»

እንዲህ ያለ ውሸት ከእናት በቀር ማንም አይዋሽም ይባል ይሆናል። አመለወርቅ ግን በዚያች ሰዓት የማንም እናት አልነበረችም። የተላከችውን አድርሳ ወጣች።

መድኃኒቱ ለትርሲት ተላለፈ። ቀማሽ ሥራውን ሲጨርስ መውሰድ ያቆማል፤ ሕመምተኛው ግን ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል። ብዙም ሳይቆይ ትርሲት ተነሳች። ፀጉሯን ታጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ቁጭ ብላ በላች። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ማለቷን ተወች። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ጎረቤቱ እልል አለ፤ የሰፈሩ ሴቶች ድፎ ይዘው መጥተው እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ አሏት። እሷም ሁሉንም በስማቸው እየጠራች አመሰገነች።

መድኃኒቱ ሲለቃት ሐዘኑ አመለወርቅን ያገኛት አትክልት ተራ፣ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ነው። ከፊቷ የቆመ አንድ ጎረምሳ ማጅራቱን አከክ አደረገ፤ ኪሩቤል ሲጨንቀው እንደሚያደርገው። ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። መሬት ላይ ዘፍ ብላ ኡኡ አለች። ሰው ግር ብሎ መጣ። «ማን ሞተባት?»

«ልጄ! ኪሩቤሌ!»

የሚያውቋት ሴቶች ግራ ተጋቡ። «እሱማ ከሞተ ቆየ እኮ፣ እትዬ አመለወርቅ፤» አሏት። ለእነሱ ቆይቷል። ለእሷ መርዶው አሁን ነው የመጣው፤ ሁለተኛ መርዶ፣ የሚያረዳም የሚያጽናናም የሌለው። ሙት ዓመቱን መርሳቷ፣ ንፍሮው፣ ያቺ የጠጣቻት ሾርባ ሳይቀሩ ባንድ ጊዜ መጡባት።

ትርሲት ተጠርታ መጣች። «እማዬ፣ ተነሺ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤» አለች። ደግፋ አነሳቻት፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት፤ የወደቀውንም ሽንኩርት ለቃቅማ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተች። ሁሉንም በሥርዓቱ። አመለወርቅ ቀና ብላ የልጇን ዓይን ስታይ ለቅሶዋ እዚያው ቀጥ አለ። ያንን ዓይን ታውቀዋለች። መድኃኒቱን ስትቀምስ እሷም በእሱ አይታበታለች።

«ትኑርልኝ እንጂ፤» አለች ዝማም ፊት፣ ደጋግማ። «ዋናው መኖሯ ነው።» እውነትም መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏት ነበር፤ ልጇ ስትበላ እያየች ትጠግብ ነበር። ግን ሰው በዚህ ብቻ አይኖርም። ትርሲት የወንድሟን ልብሶች አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለሚፈልግ ሰው ሰጠቻቸው። የእናቷን የጉልበት ቅባት አንድም ቀን ሳትረሳ ታመጣለች፤ አስቀምጣው ትወጣለች። አመለወርቅ «ትወጂኛለሽ?» ብላ ላለመጠየቅ ምላሷን ነከሰች፤ አንድ ቀን ግን አመለጣት። ትርሲት ከልቧ አሰበችበት። «አይመስለኝም፣» አለች፣ «ግን አልጠላሽም። ራት ምን ይሁን?»

በማግስቱ አመለወርቅ ማዕከሉ ደጃፍ ላይ ተገኘች። «ያንን መድኃኒት መልሱልኝ፤» አለችው ለዶክተሩ። «እሷ እንዲያ ሆና እኔ እንዲህ ሆኜ አንድ ቤት መኖር አልቻልኩም። እኔም እንደሷ ልሁን።»

ዶክተር ናሁሰናይ አዘነላት። «ይቻላል፤» አለ። «በእርስዎ ስም ጥናት እንከፍታለን። ያኔ የቀመሱት ለእሷ ነው፤ አሁን ሕመምተኛዋ እርስዎ ስለሆኑ ለእርስዎም ቀማሽ ያስፈልጋል። ትርሲት መድኃኒቱን እየወሰደች ስለሆነ እንደ ቀመሰች ይቆጠርላታል። መጥታ ቃሏን ብቻ ትስጥ።»

አመለወርቅ ቀላል መሰላት። እንዴት ነሽ ተብሎ ደህና የማይል ልጅ በዚህ አገር መች ተወልዶ ያውቃል? ትርሲትም እሺ ብላ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች፤ ማንም ቢለምናት አትከለክልም።

«እንዴት ነሽ፣ ትርሲት?» አላት ዶክተሩ፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ደህና።»

«እውነት ደህና ነሽ?»

«ደህና አልኩህ እኮ።»

«ከድሮው የተለወጠ፣ የጠፋብሽ ነገር የለም?»

«አለ፤» አለች ትርሲት። «እናቴን መውደድ ጠፍቶብኛል። ወንድሜንም። አውቃቸዋለሁ፣ ግን ምንም አይሰማኝም።»

ያ ወንበር እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። ዶክተሩ ወደ አመለወርቅ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ሲቀምሱ ይሄን አላዩም?»

«አይቻለሁ፤» አለች አመለወርቅ። «እንድትኖርልኝ ብዬ ነው የዋሸሁህ።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ እጇን ያዘች። «ትርሲቴ፣ በሞቴ፣ ቃልሽን መልሺ። ደህና ነኝ በይለት። እኔ ላንቺ ብያለሁ እኮ!»

«ለምን እዋሻለሁ?» አለች ትርሲት።

ክፋት አልነበረውም። እንዳልገባት ሰው ነበር የጠየቀችው፤ መልሱንም ጠበቀች። አመለወርቅ ብዙ መልስ ነበራት፤ ዘጠኝ ወር ተሸክሜሻለሁ፣ በርሽ ላይ ተኝቻለሁ፣ መርዝም ይሁን ማር ሳላውቅ ውጬልሻለሁ። አንዱም ለዚህች ልጅ መልስ አይሆንም። እጇን ለቀቀቻት።

ዶክተር ናሁሰናይ የትርሲትን ቃል መዘገበ። «ቀማሽ ጉድለት ያመለከተበትን መድኃኒት ለሚቀጥለው ሰው አንሰጥም። ይቅርታ፣ እማማ።»

«እኔስ ላቁም?» አለች ትርሲት።

«ያስቸግርሻል?»

«ኧረ ምንም።»

«እንግዲያው ቀጥዪ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ያኔ የሰጡኝ ቃል ሐሰት ከሆነ፣ እሱን መሻር ይችላሉ። እርስዎ ከሻሩት የትርሲት መድኃኒት ዛሬውኑ ይቆማል። ወደ ድሮዋ ትመለሳለች።»

ወደ ድሮዋ። አመለወርቅ ልጇን አየቻት። ጉንጯ ሞልቷል፤ ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ከመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ እየሞቀች የምሳ ሰዓት እንዳያልፋት ታስባለች። ድሮዋ ትወዳታለች። ድሮዋ ስትነካት ታለቅሳለች፣ እማዬ ትላታለች፣ ከእናቷ ጉያ ገብታ ትንቀጠቀጣለች። ድሮዋ ትሞታለች።

«ይሽሩታል?» አላት ዶክተሩ። ሦስት ጊዜ መጠየቅ ግዴታው ነው። «ልጅዎ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እውነት ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«የጠፋባት ነገር የለም?»

አመለወርቅ በእጇ መዳፍ አፏን ጠረገች። «ምንም የጠፋባት የለም፤» አለች። ሦስተኛው መልስ እውነት ነው ተብሎ ተመዘገበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ትርሲት ቀድማ ስለገባች አንድ የተረፈ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲነሳ አመለወርቅ ብረቱን ይዛ ተንገዳገደች። ትርሲት ቀና ብላ አየቻት፤ ለማንኛዋም አሮጊት እንደምታደርገው ብድግ ብላ ቦታዋን ለቀቀችላት።

«ተባረኪ፣ ልጄ፤» አለች አመለወርቅ፣ ወንበር ለለቀቀላት ሰው ሁሉ እንደምትለው፤ ተቀመጠችም።